ከደጀ ሰላሙ ወደ ውስጥ፦ አካል ጉዳተኛ ምእመናንን ለቅዳሴ የሚያደርስ አገልግሎት ማደራጀት

እሑድ ማለዳ መሀል አዲስ አበባ ካሉ አድባራት በአንዱ ደጃፍ ቆም ያለ ሰው የሚያየው ተመሳሳይ ነው። በክራንች፣ በዊልቸር፣ በሰው ትከሻ ተደግፈው የመጡ ሰዎች ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጠዋል። ምእመናን እየመጸወቱ ይገባሉ፣ ቅዳሴው ይጀመራል፣ በር ላይ ያሉት እዚያው ይቀራሉ። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ግን የተጠመቁ፣ ጸሎቱን በቃላቸው የሚያውቁ፣ አንድ ጊዜ የንስሐ አባት የነበራቸው ናቸው። ደረጃ የሚያወርዳቸው ሰው አጥተው ዓመት ሙሉ ከቤት ያልወጡ ደግሞ አሉ፤ እነርሱን ማንም አያያቸውም።

ይህ መመሪያ አንድ የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጽዋ ማኅበር በ5 ሰዎች ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ ቋሚ አገልግሎት እንዲያቋቁም ታስቦ የተዘጋጀ ነው። 5 ሰው ትንሽ ይመስላል። በ30 ጀምሮ በሦስተኛው ሳምንት መቅረት ግን ከአለመጀመር ይከፋል፤ ልብሱን ለብሶ በር በሩን እያየ የጠበቀ ሰው ሁለተኛ ጊዜ አያምናችሁም።

መጀመሪያ የሚነጋገሩት ከማን ጋር ነው?

ከደብሩ አስተዳዳሪና ከሰበካ ጉባኤው ጋር። በቃል ብቻ "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ቀጥሉ" ተብሎ የተጀመረ አገልግሎት አስተዳዳሪው ሲቀየሩ ይቆማል። ስለዚህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋችሁ አራት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የሚነሣ መወጣጫ (ዊልቸር እንዲያልፍ ደረጃ ላይ የሚዘረጋ ተዳፋት) ለማስቀመጥ ፈቃድና ማደሪያ ቦታ፣ ዊልቸር ከነጎማው ወደ ውስጥ የሚገባበትን ሥርዓት የሚወስን አንድ ካህን፣ በወንዶችም በሴቶችም ወገን ለዊልቸር ክፍት ሆኖ የሚጠበቅ ቦታ፣ እንዲሁም ለጥበቃዎችና ለበር አስከባሪዎች የሚነገር ግልጽ መመሪያ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። አስተዳዳሪው የፈቀዱትን በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይሰማ ይከለክላል፤ ክርክሩም ከዊልቸሩ ላይ በተቀመጠው ሰው አናት በላይ ይካሄዳል።

ሕጉን መጥቀስ ካስፈለገ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል። ከአዋጁ ይልቅ ግን ሰበካ ጉባኤ ፊት የሚረዳው ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥14 ነው፤ በዓይነ ስውር ፊት ዕንቅፋት ስለማድረግ የተጻፈውን ካህናቱ ራሳቸው ያብራሩታል።

ከሰውየው ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ውይይት

ደጃፍ ላይ ካሉት ሰዎች ጋር የምትነጋገሩት በሥራ ቀን ይሁን። እሑድና በወርኃዊ በዓላት ማለዳ እዚያ የተቀመጠ ሰው የሳምንት ቀለቡን እየፈለገ ነው፤ በዚያ ሰዓት "ግባና አስቀድስ" ማለት ገቢውን ተው ማለት ነው። ከፈለገ በሌላ ቀን ቅዳሴ ሊጀምር ይችላል፣ ወይም ከሥርዓተ ቅዳሴው በኋላ ሰዎች ሲወጡ ወደ ቦታው ሊመለስ ይችላል። እርሱ ይወስናል።

አነጋገር ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በዕድሜው "እርስዎ" ወይም "አንቱ" የሚባል ሰው ዊልቸር ላይ ስለተቀመጠ "አንተ" አይባልም። የ60 ዓመቷን እናት "እማማ" ወይም "እትዬ" በሉ እንጂ እንደ ሕፃን አታባብሏቸው። አጠገባቸው የቆመውን ልጃቸውን "ምን ይፈልጋሉ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ እርሳቸውን ጠይቁ። "ሽባ"፣ "ደንቆሮ"፣ "አንካሳ" የሚሉት ቃላት በስብከትም ሆነ በማስታወቂያ አይነገሩ። አካል ጉዳተኛ፣ ዓይነ ስውር፣ መስማት የተሳናቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ፤ እነዚህ ይበቃሉ።

በመጀመሪያው ቀን የሚጠየቁትን በአንድ ወረቀት ያዙ፦

1. ከአልጋ ወደ ዊልቸር፣ ከዊልቸር ወደ መኪና ሲሸጋገሩ ማን ይረዳዎታል? እንዴት?
2. ሰውነትዎ የማይሰማው ወይም ሲነካ የሚያምም ቦታ አለ?
3. ከቤትዎ እስከ መኪና መንገድ ስንት ደረጃ፣ ስንት ሜትር ኮብልስቶን ወይም ጭቃ አለ?
4. የሚወስዱት መድኃኒት በስንት ሰዓት ነው? ከምግብ ጋር ነው?
5. የሽንት ቱቦ ይጠቀማሉ? መጸዳጃ ሲፈልጉ ማን እንዲያግዝዎ ይመርጣሉ?
6. የንስሐ አባት አለዎት? መቁረብ ይፈልጋሉ?
7. በደብሩ ውስጥ ምን ማገልገል ይፈልጋሉ?
8. የማይፈልጉት ነገር ምንድን ነው?

ስምንተኛው ጥያቄ ላይ አትቸኩሉ። "ለሕዝብ እንዳታሳዩኝ"፣ "ማንም እጄን ይዞ እንዳይጸልይልኝ"፣ "ከፊት እንዳታስቀምጡኝ" የሚሉ መልሶች የሚመጡት ከትንሽ ዝምታ በኋላ ነው።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ለአንድ ሰው በአንድ እሑድ 2 በጎ ፈቃደኛ መድቡ። 5 ሰው ሲባዛ 10 የአገልግሎት ተራ በእሑድ፣ 40 ተራ በወር ይሆናል። አንድ በጎ ፈቃደኛ በወር ከ2 ጊዜ በላይ ካገለገለ በፍጥነት ይዝላል፤ ስለዚህ 20 ሰው ያስፈልጋል፣ 4 ተጠባባቂ ሲጨመር 24። ዓመት በዓል ሲሞቅ 60 ሰው ይመዘገባል፣ በሐምሌ ዝናብ 15 ይቀራል፤ ስሌቱን በሐምሌው ቁጥር ሥሩ።

ሁለቱ በጎ ፈቃደኞች ከተገልጋዩ ጋር በጾታ አንድ ይሁኑ። በሥርዓታችን ወንዶችና ሴቶች የሚቆሙበት ወገን የተለያየ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ማንሣት፣ ልብስ ማስተካከልና መጸዳጃ ማድረስ ስላለበት ነው። ሴቶች በጎ ፈቃደኞች ከበሩ እንዳይመለሱ፣ ወንዶች ብቻ "ጉልበት አለን" ብለው እንዳይሰበሰቡ ምዝገባውን ከመጀመሪያው በሁለት ዝርዝር ያዙ። ሕፃናትን በሚመለከት አንድ በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ከልጅ ጋር በዝግ ክፍል ወይም በመኪና አይሆንም፤ ሁልጊዜ ሁለት፣ ቢቻል ወላጅ ባለበት።

በተራው መገኘት የማይችል በጎ ፈቃደኛ ሐሙስ ማታ ይናገር፤ ቅዳሜ ማታ አይደለም። አስተባባሪው ዓርብ ለተገልጋዩ ደውሎ "እሑድ እገሌና እገሌ በ11 ሰዓት ተኩል ይደርሳሉ" ይበል። ስም ተጠቅሶ ሲነገር ሰው በሰላም ይተኛል።

መወጣጫው

የጥንት ሕንፃ የድንጋይ ደረጃ አይፈርስም፣ መፍረስም የለበትም። የሚነሣ መወጣጫ ግን ማንም አናጢና ብየዳ ቤት ይሠራዋል። ክብና ባለ ስምንት ማዕዘን አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ በር አላቸው፤ በምዕራብ ያለው ዋናው በር 9 ደረጃ ኖሮት በሰሜን ወይም በደቡብ ያለው 3 ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሁሉንም ዞራችሁ ቁጠሩ።

መለኪያው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት። እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 3 ደረጃዎች 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ፤ መወጣጫው 5 ሜትር ከ40 መርዘም አለበት ማለት ነው። ቦታ ጠፍቶ ወደ 3 ሜትር ከ60 ካጠረ (ለ1 ሴንቲ ሜትር 8) ከኋላ ጠንካራ ገፊ ሳይኖር እንዳይጠቀሙበት። ከዚያ የባሰ ዳገት ግን ሰው ወደ ኋላ ይገለብጣል። ከፍታው ከ75 ሴንቲ ሜትር ካለፈ መሀል ላይ 1 ሜትር ተኩል ሜዳ የሆነ ማረፊያ ይግባ።

ለ5 ሜትር ከ40 መወጣጫ ሦስት ባለ 1 ሜትር ከ80 ክፍሎች ይሠሩ፤ ስፋታቸው ንጹሕ 1 ሜትር። ቋሚና አግዳሚው ቱቦላሬ፣ ላዩ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ ይሁን፤ ከሥሩ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ድጋፍ ካልገባ በሁለት ወር ውስጥ ይጎብጣል። አንድ ክፍል ከባድ ስለሚሆን ሁለት ሰው ያነሣዋል። ሁሉም ክፍል ዊልቸሩን፣ ሰውየውንና ገፊውን በአንድ ጊዜ እንዲሸከም ለ300 ኪሎ አሠሩት። በሁለቱም ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ጠርዝ ይኑረው፤ ያለ እርሱ ትንሿ የፊት ጎማ ትወርዳለች።

የሚበላሹት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ ልሙጥ ላሜራ፤ ሲደርቅ ያማረ ነው፣ ጤዛ ሲነካው ግን ይንሸራተታል። ፕላይውዱ ሲቀባ ቀለሙ ሳይደርቅ ደረቅ አሸዋ በትኑበት። ሁለተኛ ላይኛው ጫፍ፤ ከደረጃው ጋር ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት ወይም ከፍታ ካለው የፊት ጎማ ይያዝና ሰውየው ወደ ፊት ይወድቃል። ሦስተኛ መንሸራተት፤ ላይኛው ክፍል በመንጠቆ ወይም በሰንሰለት ካልታሰረ ክብደት ሲያርፍበት ወደ ኋላ ይሸሻል። በዚህ ላይ ማን ያወጣዋል የሚለው አለ። የማከማቻው ቁልፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በእርግጠኝነት ባለው ጥበቃ እጅ ይሁን። ጧፍና መጽሐፍ የሚሸጡት ወገኖች መወጣጫው ግርጌ እንዳይቀመጡ ቀድማችሁ በፍቅር ተነጋገሩ፤ መሬቱ ላይ 1 ሜትር ተኩል ቦታ በነጭ ቀለም አስምሩ።

መጸዳጃ ቤቱንም እዩት። ብዙ አካል ጉዳተኞች ቅዳሴ ለመዋል ብለው ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ አይጠጡም፤ መጨረሻው የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው። ቁጢጥ ተብሎ የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ላይ የሚቀመጥ፣ መሀሉ የተቆረጠ፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ወንበር አሠሩ። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፣ ስፋቱም ከ80 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ግድግዳው ላይ መያዣ ብረት ይተከል። በአንድ ቀን ሥራ የሚያልቅ ነው።

ጫማ፣ ጎማና የብረት እግር

ጫማ አውልቆ ለሚገባ ምእመን የዊልቸር ጎማ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄው አግባብ ስለሆነ በአክብሮት ይመለስ። አስቀድሞ የተመደበው ካህን በወሰኑት መሠረት አንድ ባልዲ ውኃ፣ 2 እርጥብና 2 ደረቅ ጨርቅ በሩ ላይ ይዘጋጅ። አንዱ ዊልቸሩን በዝግታ ወደ ፊት ያሽከረክራል፣ ሌላው ጨርቁን ጎማው ላይ ይይዛል። ትልቁ ጎማ አንድ ዙር ለመጨረስ ወደ 2 ሜትር ያህል መንከባለል አለበት፤ አራቱንም ጎማ ማዳረስ 2 ደቂቃ ይፈጃል። አንዳንዶች ውስጥ የሚቆይ ሌላ ንጹሕ ዊልቸር ማስቀመጥ ይመርጣሉ። ከጎማ ማጽዳቱ ያነሰ መፍትሔ ነው፤ ሰውየው የለመደውን ትራስና ልኩን ያጣል፣ ሁለት ተጨማሪ መሸጋገርም ይጠይቃል።

ሰው ሠራሽ እግር ያለው ሰው ጫማውን ሲያወልቅ ሌላ ችግር አለ። እግሩ የተስተካከለው ለጫማው ተረከዝ ከፍታ ነው፤ ባዶ ሲሆን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ድንጋይ ወለል ላይም ይወድቃል። መፍትሔው ተመሳሳይ የተረከዝ ከፍታ ያለው፣ ውጭ ያልተረገጠ ንጹሕ ጥንድ በከረጢት መያዝ ነው። ድጋፍ ብረት ያሠሩ ሰዎችም እንደዚሁ። ይህን ለካህኑ አስቀድሞ ማስረዳት ሰውየው በር ላይ "ለምን አላወለቅህም?" ተብሎ እንዳይጠየቅ ያደርጋል።

ዊልቸር መግፋትና ማንሣት

ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዊልቸሩ የሰውየው አካል ያህል ነው። ከዚያ ፍሬኑ መያዙን፣ እግሮቹ ማረፊያው ላይ መሆናቸውን፣ የነጠላው ወይም የጋቢው ጫፍ ወደ ጎማው አለመግባቱን እዩ። ነጠላ ጎማ ውስጥ ገብቶ የሚያስቆመው በጣም ብዙ ጊዜ ነው።

ኮብልስቶን ላይ የፊት ትንሽ ጎማዎች በድንጋዮቹ መካከል ይቀረቀራሉ። "ትንሽ ወደ ኋላ ላዘንብልዎ ነው" ብላችሁ በሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ግፉ። ቁልቁለት ላይ ዊልቸሩን አዙራችሁ በጀርባ በኩል ውረዱ፤ ፊት ለፊት ከወረዳችሁ የሰውየው ክብደት ከእጃችሁ ያመልጣል። ከፒያሳ ወደታች በሚወርዱ መንገዶች ይህ በጣም ያስፈልጋል።

መወጣጫ የሌለበት ደረጃ ሲገጥም 3 ሰው፣ ከ80 ኪሎ በላይ ለሚመዝን ሰው 4 ይሁን። አንዱ ከኋላ መግፊያውን ይይዛል፤ ላስቲኩ ላልቶ የሚወልቅ ከሆነ ብረቱን ይያዝ። ሁለቱ ከፊት ዋናውን ብረት ይይዛሉ። የእጅ መደገፊያና የእግር ማረፊያ አብዛኛውን ጊዜ ተነጥለው የሚወጡ ናቸው፤ እነርሱን የያዘ ሰው ብረቱን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ሰውየው መሬት ይደርሳል። ስትወጡ የሰውየው ጀርባ ወደ ደረጃው ይሁን፣ ስትወርዱ ፊቱ ወደ ፊት ሆኖ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ያዘንብል። የሚቆጥረው ከኋላ ያለው ብቻ ነው። አራት ሰው በአንድ ጊዜ ሲያዝዝ አደጋ ይደርሳል።

በብብት ሥር ይዞ ማንሣት የተለመደ ነው፤ መቅረት ያለበትም እርሱ ነው። ስትሮክ ያለፈባቸው ሰዎች የትከሻ መገጣጠሚያቸው ላልቶ ስለሚሆን ይወልቃል። የሽንት ቱቦ ያለውን ሰው ስታነሡ ከረጢቱ ከሆዱ በታች ይቆይ። ከፍ ካለ ሽንት ወደ ኋላ ይመለሳል። የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ሰው በድንገት ራሱን ቢያመው፣ ፊቱ ቀልቶ ቢያልበው ቱቦው ተጣጥፎ ወይም ከረጢቱ ሞልቶ እንደሆነ ወዲያው ፈትሹ፤ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት ነው።

በቅዳሴው ሰዓት

ቅዳሴ 2 ሰዓት ተኩልና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሰውነቱ የማይሰማው ሰው ያለ እንቅስቃሴ ይህን ያህል ከተቀመጠ ቁስል ይጀምረዋል፤ የአልጋ ቁስል ደግሞ ወራት የሚያስተኛ ነው። በየ15 እስከ 30 ደቂቃው በእጁ ራሱን ከፍ ያድርግ፣ ወይም ወደ ጎን ጋደል፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። በጎ ፈቃደኛው ሰዓቱን ይይዝለታል። ከራሱ ትራስ አውጥቶ እንጨት ወንበር ላይ ማስቀመጥ ክብር ቢመስልም ጉዳት ነው።

ጧፍ ሌላው ነው። ስሜት የሌለው እግር ላይ የሚንጠባጠብ ሰም፣ አጠገቡ የሚያልፍ የጽና ፍም ሳይታወቅ ያቃጥላል። ጭኑ ላይ ወፍራም ጋቢ ይደረብ፣ ጧፉን በጎ ፈቃደኛው ይያዝለት።

የሚቆርቡትን ዝርዝር ለዲያቆኑ ከቅዳሴው በፊት ስጡ፤ ወደ መቅደሱ በር እንዲቀርቡ ወይም ካህኑ ወዳሉበት እንዲመጡ አስቀድሞ ይወሰን። ጾምና መድኃኒት የሚጋጩበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ፣ ከንስሐ አባቱና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። በጎ ፈቃደኛ በዚህ ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ "ካልጾሙ አይቆርቡም" የሚል ቃል ከእናንተ አይውጣ።

ስትገቡም ስትወጡም ሰው ሳንቲም ሊጥል ይመጣል። ነጠላውን አጣፍቶ ለቅዳሴ የመጣ ሰው ጭን ላይ ብር ሲያርፍ ምን እንደሚሰማው አስቡ። መልሱን ለሰውየው ተዉለት፤ እርሱ ዝም ካለና ወደ እናንተ ካየ ብቻ "ለማስቀደስ ነው የመጡት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን" በሉ።

ዓይነ ስውር ምእመን

ክንዳችሁን አቅርቡለት፤ ከክርናችሁ ከፍ ብሎ እርሱ ይይዛችኋል። እናንተ ግማሽ እርምጃ ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ። ከኋላ መግፋት ወይም በትሩን ይዞ መጎተት የሚያስፈራ ነገር ነው። ደረጃ ፊት ቁሙ፤ "ወደ ላይ 3 ደረጃ" ወይም "ወደ ታች" በሉ። "እዚህ ጋ ተጠንቀቅ" ብቻ ማለት አይጠቅመውም። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ፊት ከፍታ ላይ ያለ የሱቅ ማስታወቂያና የኤሌክትሪክ ምሰሶ ማቆሚያ ሽቦ በስማቸው ይነገሩ፤ በትር መሬቱን እንጂ ግንባር ላይ የሚመጣውን አያገኝም። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለዓይነ ስውራን የተነጠፈው ሸካራ መስመር ላይ መኪና ወይም ዕቃ ሲቆም አስነሡ።

ስትለዩት ነግራችሁ ተለዩ፣ እጁን ግድግዳ ወይም ወንበር አስይዛችሁ። ባዶ ቦታ ላይ ትቶ መሄድ ትልቁ በደል ነው። ቦታው ሁልጊዜ አንድ ይሁን፤ በሦስተኛው ሳምንት ራሱ ያገኘዋል።

መስማት የተሳናቸው ምእመናን

ሦስት ወር የምልክት ቋንቋ ኮርስ የወሰደ በጎ ፈቃደኛ ሰላም ማለትና መንገድ ማሳየት ይችላል፤ ቅዳሴና ስብከት ማስተርጎም አይችልም። አስተርጓሚ ፈልጉ፣ ክፈሉትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ያስተምራል፤ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበርም መነሻ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ የአስተርጓሚ እጅም አእምሮም ይዝላል፤ ስለዚህ 2 ሆነው ይቀያየሩ።

አስተርጓሚው ከሰባኪው ጎን፣ ብርሃን ፊቱ ላይ ሆኖ ይቁም። ከኋላው መስኮት ወይም የበዛ ጧፍ ካለ ፊቱ ይጨልማል፤ የፊት ገጽታ ደግሞ የቋንቋው ግማሽ ነው። ከሳምንቱ ግጻዌ (የዕለቱን ንባብ ከሚያሳየው መጽሐፍ) ምስባኩን፣ የሐዋርያትን መልእክትና ወንጌሉን ከ3 ቀን በፊት ስጡት። ግእዝ በድንገት ሰምቶ የሚያስተረጉም የለም።

ንስሐ የተለየ ነው። ማን እንደሚያስተረጉም መርጦ የሚናገረው ባለ ጉዳዩ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ወይም እኅቱ እንዲሆኑ አይገደድም። ማንበብና መጻፍ ለሚችል ሰው ከካህኑ ጋር በወረቀት መነጋገር ይቻላል፤ ወረቀቱ እዚያው ይቃጠላል። በዕድሜ የደከመ ጆሮ ያላቸው አረጋውያን ምልክት ቋንቋ አያውቁም፤ ለእነርሱ ሞንታርቦ ሥር ሳይሆን የሰባኪው ፊት የሚታይበት ቦታ ይሻላል።

ኦቲዝም፣ የሚጥል በሽታ፣ ፀበል

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከሚቸገሩባቸው አንዱ ድንገተኛ ድምፅ ነው። ሞንታርቦ፣ ከበሮ፣ የሕዝብ እልልታና ዕጣን በአንድ ላይ ሲመጡ ልጁ ጆሮውን ይይዛል፣ ይጮኻል። እናቱ ከዚያ ቀን ወዲያ አትመጣም፤ ያስቀራትም የልጇ ጩኸት ሳይሆን ዞሮ ያያት ሰው ነው። በር አጠገብ ቦታ ያዙላቸው፣ የሚያርፉበት ጸጥ ያለ ክፍል አሳዩአቸው፤ የመጀመሪያውን ቀን 20 ደቂቃ ብቻ ቆይተው ይሂዱ፣ በየሳምንቱ ጨምሩ።

የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ተመልከቱ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ፤ ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው 907 ብላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጥሩ።

ፀበል መጠመቅ የሰውየው እምነትና ምርጫ ነው። ማንንም በግድ አትውሰዱ፣ "ትድናለህ" ብላችሁ ቃል አትግቡ፣ "መድኃኒቱን ተው" አትበሉ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሕይወት የሚያሳጣ ተከታታይ መውደቅ ሊያመጣ ይችላል። ፀበሉና መድኃኒቱ አብረው ይሄዳሉ፤ ይህን የሚያስተምሩ ካህን ጋብዛችሁ በጎ ፈቃደኞቹን አስተምሩ።

መጓጓዣ

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የፒያሳንና የአካባቢውን ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳር አዛውሯል። ድሮ በእግር 5 ደቂቃ የነበረው ሰው ዛሬ ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሣት አለበት። ደብሩን ካልለቀቀ በአንድ አቅጣጫ ያሉ ሁለት ሰዎችን በአንድ መኪና አምጡ። በየሳምንቱ ማምጣት ካልተቻለ ግን በቅርቡ ካለ ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ጋር አስተዋውቁት፤ ወደ ቀድሞው ደብሩ በወር አንድ ጊዜ ይምጣ።

የራይድ ሾፌር ከመምጣቱ በፊት ደውላችሁ ዊልቸር እንዳለ ንገሩት። የሚታጠፍ ዊልቸር ሲታጠፍ ወርዱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቪትዝ ላይ አንዱ የኋላ ወንበር መታጠፍ አለበት። የእግር ማረፊያዎቹን ነቅላችሁ በአንድ ከረጢት ያዙ፣ ቶሎ የሚጠፉት እነርሱ ናቸው። ሚኒባስ ላይ ለዊልቸሩ ተጨማሪ የሚጠይቅ ረዳት ይኖራል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። በባቡር ከሆነ ሊፍቱ መሥራቱን በዚያው ጠዋት አንድ ሰው ሄዶ ይይ፣ የመውረጃውንም ጣቢያ ጭምር።

በጾም ወቅት፣ ለምሳሌ በፍልሰታ፣ ቅዳሴው ወደ ቀኑ መሀል ስለሚዛወር ተራውና መኪናው እንደገና ይሰላ። የሥራ ቀን በጎ ፈቃደኛ ማግኘት ከባድ ነው፤ ጡረተኞችንና ተማሪዎችን ለዚህ አስቀምጡ።

ከተራና ጥምቀት በጃን ሜዳ

ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመድረሳቸው 2 ሰዓት ቀድማችሁ ግቡና ከአጥሩ ጎን ቦታ ያዙ። ለአንድ ዊልቸር 4 ሰው በዙሪያው ይቁም። በሰልፉ መሀል አትግፉ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሂዱ። ጥር 11 ጠዋት ውኃ ከመረጨቱ በፊት ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ወልቆ በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ እርጥበት ያበላሸዋል። ሕዝቡ ሲወጣ እናንተ አንድ ሰዓት ቆዩ። የመስቀል ደመራ ላይ ደግሞ ሰው ለአመዱ ሲሽቀዳደም ግፊያው የበረታ ስለሆነ ከዚያ በፊት መውጣት ነው።

መስጊድና ሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የሚያደራጁም ስሌቱ አይለወጥባቸውም። ለጁምዓ ሶላት ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረግ ትጥበት) ማድረጊያው ላይ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ መቀመጫ፣ ጎማ ማጽጃ ጨርቅና ሶፍ (የሰጋጆች ረድፍ) ጫፍ ላይ የተለየ ቦታ ዋናዎቹ ናቸው።

ገንዘብና ፎቶ

ለመወጣጫው፣ ለአስተርጓሚውና ለነዳጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ በደብሩ ሕጋዊ ደረሰኝ ይግባ። በአንድ ሰው የግል የባንክ ሒሳብ የተሰበሰበ ገንዘብ፣ ሰውየው ቅን ቢሆንም፣ በዓመቱ ጥርጣሬ ያመጣል፤ አገልግሎቱን ያፈረሰው ይኸው ነው ሲባል ደጋግሞ ይሰማል። ለተገልጋዩ በእጅ ገንዘብ መስጠትን ከዚህ አገልግሎት ለዩት፤ የተቸገረ ካለ ለደብሩ የበጎ አድራጎት ክፍል አስተላልፉ።

ስትሸከሙት፣ ጎማ ስታጸዱ፣ ሲቆርብ ፎቶና ቪዲዮ አታንሡ። ለቴሌግራም ወይም ለቲክቶክ የሚሆን ምስል ካስፈለገ መወጣጫውን አንሡ። ሰውየው ራሱ ፈቅዶ ከሆነ በጽሑፍ ይፈርም፣ የሚለጠፈውንም አስቀድሞ ይየው፤ በኋላም "አውርዱልኝ" ካለ በዚያው ቀን ይውረድ።

ሰባተኛው ጥያቄ

መጠይቁ ላይ "ምን ማገልገል ይፈልጋሉ?" የሚለው ለይምሰል አልተጻፈም። በቤተ ክርስቲያናችን ዜማና ቅኔ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ትምህርት ነው፤ ብርሃነ ዓይናቸውን ያጡ የኔታዎች ስንት ሊቅ አፍርተዋል። ዊልቸር ላይ ያለው ሰው የሰንበት ትምህርት ቤቱን ሒሳብ ይይዛል፣ ስልክ ይደውላል፣ ልጆች ያስተምራል። የጽዋ ማኅበር ላይ እንግዳ አድርጋችሁ አትጋብዙት፤ አባል ይሁን፣ ተራው ሲደርስ ቤቱ ይደግስ። ቤቱ ጠባብ ከሆነ ዳቦውንና ጠላውን አግዛችሁ በግቢው ይደረግ፤ ጽዋውን ለቀጣዩ ባለተራ የሚያስረክበው ግን እርሱ ይሁን።

የአገልግሎቱ አስተባባሪ ኮሚቴ 5 ሰው ከሆነ ቢያንስ 2 አካል ጉዳተኞች ይኑሩበት፤ አንዷ ሴት። ስብሰባው መወጣጫ ባለበት ክፍል ይደረግ። በየሦስት ወሩ ለሁሉም ተገልጋዮች ደውሉና ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የዘገየንበት ቀን ነበር? ያመመዎት አያያዝ አለ? ማንን ከማን ጋር አብረን ብንመድብ ይሻላል? መልሱን ጽፋችሁ በሚቀጥለው ወር ተራ ላይ አስገቡ።